መቶ ሺህ ረድፍ መረጃን ወደ ድርጅት ሶፍትዌር በአንድ ሌሊት ማስገባት

ሰኔ 30 የመጋዘን ቆጠራው ያልቃል፤ ሐምሌ 1 በአዲሱ ሲስተም ሽያጭ ይጀመራል። በሁለቱ መካከል ያለችው ሌሊት አጭር ናት። አዳማ ላይ የግንባታ ዕቃ ወይም የመኪና መለዋወጫ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ከአሰላና ከመተሐራ የመጣ ደንበኛ መኪናውን አቁሞ ደረሰኝ ይጠብቃል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ከዕቃ ዝርዝሩ ሲሶው እንኳ አልገባም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያች ሌሊት ለሚዘጋጁ የሂሳብ ሠራተኞችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነው።

ኢምፖርት፣ ማለትም መረጃን ከፋይል ወደ ሲስተሙ የማስገባት ሥራ፣ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኮምፒውተሩ ነው፤ አዲስ ሰርቨር እንግዛ የሚል ሐሳብም ወዲያው ይነሳል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንዲመለስ አጥብቄ እመክራለሁ፦ ሲስተሙ ለአንዲት ረድፍ ስንት ሥራ ይሠራል? ረድፏን ይቀበላል፣ ደንበኛውን በስሙ ይፈልጋል፣ የዕቃውን ምድብ ይፈልጋል፣ ተደጋጋሚ አለመሆኑን ያጣራል፣ የለውጥ ታሪክ ይመዘግባል፣ ማሳወቂያ ያዘጋጃል፣ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ በመጨረሻም መጨረሱን ያሳውቃል። ይህ መቶ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም በጣም ጠንካራ ማሽንም ይንገላታል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚያመሩት በየረድፉ የሚደጋገመውን ሥራ ወደ መቀነስ ነው።

በትንሹ ጀምረው ይለኩ

የሙከራ ዳታቤዝ ያዘጋጁ፤ የእውነተኛው ቅጂ ቢሆን ይመረጣል። ከፋይሉ 500 ረድፍ ቆርጠው ያስገቡና የፈጀውን ጊዜ ይመዝግቡ። ቀጥሎ 5,000 ረድፍ ያስገቡ። ጊዜው ዐሥር እጥፍ ገደማ ከሆነ ችግሩ እያንዳንዱ ረድፍ በሚያስከትለው ቋሚ ሥራ ላይ ነው። ሠላሳና አርባ እጥፍ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሲስተሙ አዲስ ረድፍ በመጣ ቁጥር ቀድሞ የገቡትን ሁሉ እንደገና እያሰሰ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ተደጋጋሚነት የሚጣራበት ዓምድ ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ሁሉንም ረድፍ ሳያነብ የሚፈልገውን የሚያገኝበት ማውጫ) የሌለው መሆኑ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ፕሮግራሙ ያስገባውን ሁሉ ሳይለቅ በማህደረ ትውስታ ይዞ ይቀጥላል። ይህን ሳይለዩ መቶ ሺሁን ማስጀመር ሌሊቱን አሳልፎ መስጠት ነው።

በዚያው ሙከራ የሰርቨሩን ሁኔታ ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩም ዲስኩም ሥራ ፈትተው ኢምፖርቱ የሚያዘግም ከሆነ ጊዜው የሚያልቀው በኔትወርክ ምልልስ ነው። አንድ የፕሮሰሰር ኮር ብቻ ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሌሎቹ ካረፉ አፕሊኬሽኑ በስሌት ተጠምዷል። ዲስኩ ከተጨናነቀ ደግሞ እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው እየተጻፈ ይሆናል። እነዚህን ሦስት ምልክቶች መለየት ከዚህ በኋላ የትኛው እርምጃ እንደሚጠቅምዎ ይነግርዎታል።

ፋይሉን ማጽዳት

ከኢምፖርት ሁሉ ዘገምተኛው 90,000ኛው ረድፍ ላይ ወድቆ ከዜሮ የሚጀምረው ነው። ስለዚህ ከዝግጅት ጊዜዎ አብዛኛው እዚህ ላይ ቢያልቅ አይቆጭዎ።

መረጃው ከሂሳብ ሶፍትዌሩ ከፒችትሪ የወጣም ይሁን በኤክሴል ሲያዝ የኖረ፣ ለማስገባት ሲደርስ ሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ይሁን። አዲሱ የኤክሴል ፋይል በውስጡ ተጨምቀው የታሸጉ የኤክስኤምኤል ሰነዶች ስላሉት ለማንበብ ጊዜም ማህደረ ትውስታም ይወስዳል፤ ሲኤስቪ ግን ከላይ ወደ ታች እየተነበበ ያልፋል። የድሮው የኤክሴል ዓይነት በአንድ ገጽ ከ65,536 ረድፍ በላይ እንደማይዝ፣ አዲሱም 1,048,576 ላይ እንደሚያበቃ ልብ ይበሉ። ሲያስቀምጡ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጡ የአማርኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከዚያ ፋይል ደግሞ ስሙን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን የሚያካትት የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆኑት የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ዝርዝሮች ካሉ ለብቻ ያውጧቸው። ፎንቱ ሲነሳ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ስለሚሆኑ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የዓምድን ወርድ በባይት በሚቆጥር ዳታቤዝ ላይ 50 ባይት የተፈቀደለት የስም ዓምድ 16 ፊደል ብቻ ይችላል ማለት ነው፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ደግሞ በተለመደው ቅንብር ዓምዱ ኤንቫርቻር የሚባለው የዩኒኮድ ጽሑፍ ዓይነት ካልሆነ አማርኛው ይጠፋል።

ቀጥሎ ዜሮዎቹ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አኃዝ አለው፤ ብዙዎቹም በዜሮ ይጀምራሉ። ኤክሴል ቁጥር መስሎት የፊቱን ዜሮ ይጥላል። ዓምዱን ጽሑፍ ብለው ይክፈቱት፤ ከዚያ ርዝመቱ 10 ያልሆነውን ሁሉ አጣርተው ያውጡ። በ09ና በ07 ለሚጀምሩ ስልክ ቁጥሮችም ይኸው ነው፤ ሁሉንም በ251 ወደሚጀምር አንድ አጻጻፍ ማምጣት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ቀንን ነው። አንድ የዱቤ ሽያጭ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 2016 ተመዝግቦ በቁጥር 12/11/2016 ተብሎ ቢጻፍ፣ ሲስተሙ እንደ ቅንብሩ ኖቬምበር 12 ወይም ዲሴምበር 11 ብሎ ያለ ምንም ተቃውሞ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ቀን ጁላይ 19 ቀን 2024 ነበር። ያ ደንበኛ ትናንት የወሰደው ዱቤ ለዓመታት እንዳልከፈለ ተቆጥሮ ይመዘገብበታል። ቀን ቀድሞ ወር በሚከተልበት ቅንብር ስህተቱ ራሱን የሚገልጠው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ 13ኛ ወር ስለሌለ ጳጉሜን ይወድቃል፣ ፌብሯሪ 30 ቀን ስለሌለው ጥቅምት 30 ይወድቃል። ስለዚህ ሲስተሙ 30/2 የሚባል ቀን የለም ብሎ ሲቆም ያቺን ረድፍ ብቻ አርመው አይለፉ። መልእክቱ ዓምዱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ሊሆን እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ነው። ዓምዱን በፕሮግራም በአንድ ጊዜ ይቀይሩና ሐምሌ 1 ወደ ጁላይ 8 መዞሩን፣ መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ወደ ሴፕቴምበር 12 መዞሩን በዐይንዎ ያረጋግጡ።

የስም ነገር አዳማ ላይ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። አንዱ ደንበኛ በአንዱ ደብተር በአማርኛ፣ በሌላው በቁቤ፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ጫላ የሚለው ስም በቁቤ በሲ ፊደል ብቻ ይጀምራል፤ አናባቢዎቹም ይደረባሉ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን ከሲ ቀጥሎ ኤች ይገባል፣ አናባቢውም ነጠላ ይሆናል። ለኮምፒውተር እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። በአማርኛው ብቻ እንኳ ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሃይ ሦስት የተለያዩ ቃላት ይሆኑበታል፤ ኃ/የተ/የግ/ማ፣ ኃ.የተ.የግ.ማ እና ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም እንዲሁ። መፍትሔው ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚያገለግል አንድ ተጨማሪ ዓምድ መክፈት ነው። በዚያ ዓምድ ውስጥ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዝርያቸው ይቀይሩ፤ ቀጥሎ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ያምጡ፤ ነጥቡን፣ እዝባሩን (/) እና ትርፍ ክፍተቱን ያጥፉ። ዋናውን ስም ግን አይንኩት፤ ደረሰኝ ላይ የሚታተመው በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው መሆን አለበት። በአማርኛና በቁቤ መካከል ያለውን ልዩነት ይህ ዘዴ አይፈታውም፤ እዚያ ላይ የሚያስታርቀው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነው።

መለኪያዎችም አሉ። ኩንታል፣ ኩ/ል እና ኩንታሎች፣ ቤርጋና ቤርጋ ብረት፣ ደርዘንና 12 ፍሬ ወደ አንድ አጻጻፍ ይምጡ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የመጋዘን ኃላፊውን አጠገብዎ አስቀምጠው ይሥሩት።

በኮድ ያገናኙ፣ በቅደም ተከተል ያስገቡ

የዕቃ ፋይልዎ ምድቡን በስም የሚጠራ ከሆነ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ረድፍ ፍለጋ ያካሂዳል፤ ስሙ ሁለት ቦታ ከተገኘም ግራ ይጋባል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ፣ ዕቃና ምድብ እርስዎ ራስዎ የማይለወጥ ኮድ ይስጡ፤ በቀጣዮቹ ፋይሎችም በዚያ ኮድ ብቻ ይጥቀሱት። ኦዱ የተባለው የድርጅት ሶፍትዌር ለዚህ ውጫዊ መለያ የሚባል ዓምድ አለው። ትልቁ ጥቅሙ ያው ፋይል ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ አዲስ መዝገብ ከመፍጠር ይልቅ የቀድሞውን ማደሱ ነው። በሌላ ሲስተምም የዚህን አቻ ይፈልጉ። ሥራው መካከል ላይ ቢቋረጥ ያለ ፍርሃት መድገም የሚቻለው በዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መለኪያዎች፣ ምድቦች፣ መጋዘኖችና የሂሳብ መደቦች ይቀድማሉ። ደንበኞችና አቅራቢዎች ይከተላሉ፤ ከዚያ ዕቃዎች፣ ከዚያ ዋጋ፣ በመጨረሻ የቆጠራው ውጤትና ያልተሰበሰቡ ዱቤዎች። ዋና መሥሪያ ቤትና ቅርንጫፍ ያለው ደንበኛ ካለ ዋናዎቹን በአንድ ፋይል፣ ቅርንጫፎቹን በሌላ ፋይል ይለዩ። የቆዩ የአምስት ዓመት ዝርዝር ደረሰኞችን ለማስገባት የሚነሳውን ፍላጎት ግን መቋቋም ያስፈልጋል። ለሥራ መጀመሪያ የሚፈለገው የመነሻ ሚዛንና ያልተዘጉ ሂሳቦች ናቸው፤ የቆየው ዝርዝር በአሮጌው ሲስተም ለማንበብ ብቻ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ይበቃል። ከሁሉ ፈጣኑ ረድፍ ማስገባት የማያስፈልገው ረድፍ ነው።

የጥቅሉ መጠን

ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ነው፣ እርስዎ አዳማ ቢሮዎ ውስጥ ነዎት፣ አንድ ጥያቄ ሄዶ ለመመለስ 150 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። መቶ ሺህ ረድፍ አንድ በአንድ ከላኩ ምልልሱ ብቻ 15,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከአራት ሰዓት በላይ ይሆናል። በአንድ ጥቅል 1,000 ረድፍ ከላኩ ግን ምልልሱ መቶ ብቻ ነው፤ 15 ሰከንድ። አንድ አይሱዙ ሙሉ ሚስማር በፍሬ በፍሬ እያወረዱ ለእያንዳንዷ ፍሬ ማስፈረምና በካርቶን ማውረድ የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ።

ዲስኩ ላይም ያው ስሌት ይሠራል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ የሚዞረው 120 ጊዜ ነው። ዳታቤዙ እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻ ዲስክ ላይ ካጸና፣ ሌላ የሚያግዘው ነገር ከሌለ ከዚያ ፍጥነት ብዙም አያልፍም፤ ለመቶ ሺህ ረድፍ 14 ደቂቃ ገደማ በማጽናት ብቻ ያልቃል። የሚዞር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ዲስክ ይህን በእጅጉ ያቃልላል፤ በጥቅል ማጽናት ግን በሁለቱም ላይ ይጠቅማል።

ታዲያ ጥቅሉን ለምን መቶ ሺህ አናደርገውም? አንዲት የተበላሸች ረድፍ ሁሉንም ስለምትመልስ ነው። ጊዜ ገደብም አለ፤ ኦዱ በብዙ ዎርከር (ጎን ለጎን በሚሠሩ የሰርቨር ሂደቶች) ሲሠራ በነባሪ ቅንብሩ ከ120 ሰከንድ ያለፈ ጥያቄን ያቋርጣል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ አንድ ትእዛዝ በአንድ ሰንጠረዥ 5,000 ያህል ቁልፍ ሲይዝ መላውን ሰንጠረዥ ወደ መቆለፍ ሊሸጋገር ይችላል፤ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሌላ ሰው ካለ ይቆማል። ከ500 ይጀምሩ፣ ወደ 1,000 እና 2,000 ይውጡ፣ ለአንድ ረድፍ የሚደርሰው ጊዜ መቀነሱን ሲያቆም እዚያው ይቁሙ።

ለጊዜው ዝም የሚያሰኙት

አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ የሚላክ ኢሜይልና አጭር የስልክ መልእክት፣ የማጽደቂያ ሂደት፣ የለውጥ ታሪክ መዝገብ፣ በየሰዓቱ የሚነሱ አውቶማቲክ ሥራዎች፣ ከሌላ ሲስተም ጋር ያለ ግንኙነት፤ እነዚህን አስቀድመው ያጥፉ። ጉዳዩ ከፍጥነት ያልፋል። 8,000 ደንበኞች ከእኩለ ሌሊት በኋላ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልእክት ቢደርሳቸው ድርጅቱ በማግስቱ ሲያስረዳ ይውላል። ያጠፉትን እያንዳንዱን ነገር በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ መልሶ የማብራቱ ሥራ በዚያ ወረቀት ይመራል።

የማይነካ ነገርም አለ። ዴቢትና ክሬዲት መመጣጠናቸውን፣ ኮድ አለመደገሙን፣ የተጠቀሰው ደንበኛ በእርግጥ መኖሩን የሚያጣሩት ፍተሻዎች መቆየት አለባቸው። እነርሱን አጥፍቶ የሚገኘው ፍጥነት ኋላ በኦዲት ጊዜ ይከፈላል።

ሥራውን ወደ ሰርቨሩ ማቅረብ

የኢምፖርቱን ፕሮግራም ከቢሮ ላፕቶፕ ከማስነሳት ፋይሉን አንድ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ ጭነው እዚያው ያስነሱት። የቢሮው መብራት ቢጠፋ ወይም ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ ሥራው አይቆምም። ሰርቨሩ ቢሮው ውስጥ ካለ ደግሞ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚችል አስቀድመው ይሞክሩ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለውም ይዩ።

የዳታቤዝ ባለሙያ አብሮዎት ካለ

መረጃውን መጀመሪያ ወደ ማረፊያ ሰንጠረዥ ማስገባት ጥሩ ነው፤ ይህ ምንም ገደብና አውቶማቲክ ሥራ የሌለበት ባዶ ሰንጠረዥ ነው። በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የኮፒ ትእዛዝ፣ በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሎድ ዳታ ትእዛዝ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የማይኤስኪውኤል መመሪያ ሎድ ዳታ ከተራው የኢንሰርት ትእዛዝ ብዙ ጊዜ 20 እጥፍ እንደሚፈጥን ይገልጻል። ተደጋጋሚውን፣ የጎደለውን፣ ቀኑ የተሳሳተውን በማረፊያው ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ጥያቄ መላውን ፋይል ማጣራት ይቻላል፤ በኤክሴል ሰዓታት የሚፈጀው እዚህ በሰከንዶች ያልቃል።

ከማረፊያው ወደ ዋናው ሰንጠረዥ ግን በሶፍትዌሩ የራሱ በር ይግቡ። በቀጥታ በዋናው ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ ፈጣን ቢሆንም ሶፍትዌሩ አብሮ የሚያሰላቸውን ነገሮች ይዘላል፤ የዕቃ ብዛት ይታያል ዋጋው ግን አይታይም፣ ደንበኛው አለ ሂሳቡ ግን የለም። ይህን የምፈቅደው ሰንጠረዦቹን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ባለሙያ፣ ያውም በቅጂ ላይ ከሞከረ በኋላ ብቻ ነው።

በፖስትግሬስ ሦስት ነገሮች ለሌሊቱ ሊስተካከሉ ይችላሉ። ለጥገና ሥራ የሚመደበው ማህደረ ትውስታ በነባሪው 64 ሜጋባይት ነው፤ ኢንዴክስ መልሶ ሲገነባ ከፍ ማለቱ ይረዳል። ዳታቤዙ ለውጦችን አስቀድሞ የሚጽፍበት መዝገብ ያለው የ1 ጊጋባይት ነባሪ ጣሪያም ከፍ ቢል ዳታቤዙ በየጥቂት ደቂቃው ለማጠቃለል አይቆምም። ዳታቤዙ ሥራውን ዲስኩ እስኪያረጋግጥ ሳይጠብቅ እንዲቀጥል ማድረግም ይቻላል፤ መብራት ቢጠፋ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሥራዎች ይጠፋሉ እንጂ ዳታቤዙ አይበላሽም። የተጻፈው በእርግጥ ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያስጠብቀውን ኤፍሲንክ የሚባል ቅንብር ግን ፈጽሞ አያጥፉት፤ እርሱ ሲጠፋ የመብራት መቋረጥ ዳታቤዙን በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። ባዶ ሰንጠረዥ ሲሞላ ኢንዴክሶቹን ከመረጃው በኋላ መገንባት ይፈጥናል፤ ቀድሞ ብዙ ረድፍ ባለበት ሰንጠረዥ ላይ ትንሽ ለመጨመር ግን እንዲህ ማድረግ ኪሳራ ነው። ሲጨርሱ አናላይዝ የሚለውን ትእዛዝ ያስነሱ። ይህ ከተረሳ ዳታቤዙ ሰንጠረዡ ገና ባዶ መስሎት የተሳሳተ የፍለጋ መንገድ ሊመርጥ ይችላል፤ ጠዋት ሠራተኛው አንድ ዕቃ ሲፈልግ ሲስተሙ ይጎተታል።

ሥራውን ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ በአንድ ጊዜ ማስኬድም ይቻላል። ሲከፍሉ አንድ ደንበኛ በሁለት ክፍል ውስጥ እንዳይገኝ በደንበኛ ኮድ ይክፈሉ፤ አለዚያ ሁለቱ ሥራዎች አንዱ ሌላውን ሲጠብቁ ይቆላለፋሉ። የክፍሎቹ ብዛት ከሰርቨሩ ኮሮች ማለፍ የለበትም። ከላይ ያሉትን ሳይሠሩ ወደዚህ መዝለል ግን ችግሩን ማባዛት ነው።

የወደቁትን መያዝና ማረጋገጥ

ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ጥቅል ቁጥር ሰጥቶ፣ የገባውንና ያልገባውን በመዝገብ ፋይል ላይ ይጻፍ። የወደቀ ረድፍ ከነምክንያቱ ወደ ሌላ ሲኤስቪ ይሂድና ሥራው ይቀጥል። ጠዋት 60 የተበላሹ ረድፎችን ማረም ይቻላል፤ ሁሉንም መድገም አይቻልም።

ከዚያ ቁጥሮቹን ያስታርቁ። በፋይሉ ያለው የረድፍ ብዛት በሲስተሙ ከገባውና ከወደቀው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። የተሰብሳቢ ሂሳብ ድምር፣ የተከፋይ ሂሳብ ድምርና የዕቃ ጠቅላላ ዋጋ ከአሮጌው ሲስተም ጋር እስከ ሳንቲሙ ይመሳከሩ። ብዛቱ እኩል ሆኖ ድምሩ ከተለያየ የነጠላ ሰረዝና የነጥብ አጻጻፍ ይመርምሩ፤ 1,250 ብር አንድ ብር ከ25 ሳንቲም ሆኖ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ 20 ዕቃ በዕጣ መርጠው ከቢን ካርዱ (ከመጋዘኑ የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ) ጋር፣ 20 ደንበኛ መርጠው ከዱቤ መዝገቡ ጋር ሰው በዐይኑ ያመሳክር።

ሁሉም ሲስማማ የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ ወስደው ከሰርቨሩ ውጭ ያስቀምጡ፤ ቅጂው ከመጀመሪያው ደረሰኝ በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ቅንብሮቹን ወደ ነበሩበት ይመልሱ። ወረቀቱን አውጥተው ያጠፏቸውን ማሳወቂያዎችና አውቶማቲክ ሥራዎች አንድ በአንድ ያብሩ፤ ለራስዎ ስልክ በተከፈተ የሙከራ ደንበኛ መልእክቱ መድረሱን አይተው የሙከራውን ደንበኛ ይሰርዙት።